ሁለት ቀን ቡዳፔስት፣ ስድስት ኤስኬፕ ሩም፦ ይቻላል ወይስ እብደት ነው?

ሰኞ ሥራ አለኝ

ሰላም ለቤቱ።

ቪየና የምንኖር አራት ሰዎች ነን። በሚቀጥለው ወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ድንበር ተሻግረን ቡዳፔስት ልንሄድ ነው። ከተማ ለማየት አይደለም። ዳኑብ እንደሆነ እዚህም አለ። የምንሄደው ኤስኬፕ ሩም ልንጫወት ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ቡድን ሆናችሁ አንድ ክፍል ትገባላችሁ፣ በር ይዘጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ደቂቃ ይሰጣችኋል። ቁልፍ እየፈለጋችሁ፣ እንቆቅልሽ እየፈታችሁ ሰዓቱ ሳያልቅ ትወጣላችሁ። ወይም አትወጡም።

እኔና ባለቤቴ እስካሁን ወደ ሃያ ክፍል ተጫውተናል። የአክስቴ ልጅና ጓደኛዋ ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ባለቤቴ ቅዳሜ ሦስት፣ እሑድ ሦስት ብሎ ሰንጠረዥ ሠርቷል። ሽንት ቤት የምንሄድበትን ደቂቃ ሳይቀር አስገብቶታል።

ይቻላል? ደግሞስ ሀንጋሪኛ የሚችል ከመካከላችን የለም፤ ያ ያስቸግረናል? ሌላው፣ የአክስቴ ልጅ "ከፍዬ የምቆለፍበት ምን ዕዳ አለብኝ?" ብላለች። እሷን ምን ብዬ ላሳምናት?

ዘጠነኛው ቁልፍ

ባለቤትሽን አከብራለሁ። ሰንጠረዡን ግን ቅደጂው።

ስልሳው ደቂቃ ጨዋታው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቀድሞ መድረስ አለ፣ ዕቃ ማስቀመጥ አለ፣ ፎርም መፈረም አለ፣ ጌም ማስተሩ (ጨዋታውን ከውጭ ሆኖ የሚመራው ሰው) ሕጉን የሚያስረዳበት ጊዜ አለ። ከጨዋታው በኋላ ያልፈታችሁትን ያሳያችኋል፣ ፎቶ ያነሳችኋል። እናንተም "እኔ እኮ መጀመሪያ ብዬ ነበር" እየተባባላችሁ ደጃፉ ላይ ትቆማላችሁ። ወደሚቀጥለው መሄጃውን ጨምራችሁ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ይበላል ብላችሁ ያዙት።

ሰዓቱ ደግሞ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ጭንቅላት ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰው ማየት ያቆማል። መሳቢያ ይከፍታል፣ ያያል፣ "ባዶ ነው" ብሎ ይዘጋል። ባዶ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዋናውን ካርታ ጌጥ መስሎኝ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተደግፌው ቆሜያለሁ።

ሁለቱ ጀማሪ ለሆኑበት ቡድን፣ በሁለት ቀን ሦስት ክፍል። ግፋ ቢል አራት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ ልጨቅጭቅሽ። ከባቡር እንደወረዳችሁ የሚጀምር ክፍል አትያዙ፤ ባቡር ይዘገያል። የመጀመሪያው ቀለል ያለ ይሁን፤ አዲሶቹ ልጆች አንድ ነገር ራሳቸው ከፍተው ይውጡ። ከባዱን እሑድ ጠዋት አድርጉት፣ እንቅልፍ ጠግባችሁ። የመጨረሻው ክፍልና የመመለሻ ባቡሩ መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር። ሰዓት እያየ የሚጫወት ሰው ሁለት ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚያሳድደው።

የከተማ ምርጫችሁን ግን ወድጄዋለሁ። ጨዋታው በዛሬ መልኩ የጀመረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ታካኦ ካቶ የሚባል ሰው ስክራፕ በሚለው ድርጅቱ በኩል። በኮምፒውተር የሚጫወቱትን የማምለጥ ጨዋታዎች ወደ እውነተኛ ክፍል አመጣቸው። አውሮፓ ውስጥ ግን ነገሩን ያቀጣጠለችው ቡዳፔስት ናት። በ2011 አቲላ ጁርኮቪች የተባለ ሀንጋሪያዊ ፓራፓርክን ከፈተ። ስለ ጃፓኑ ሳያውቅ ነው የጀመረው ይባላል። መነሻ የሆነው የሥነ ልቦና ሊቁ የሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሐሳብ ነው፦ ሰው በሥራው ተመስጦ ራሱን የሚረሳው ፈተናው ለችሎታው ሲመጥን ነው፤ ሲከብድ ይጨነቃል፣ ሲቀል ይሰለቻል። ክፍል ስትመርጪ ይህቺን አስታውሺ። "በጣም ከባድ" የሚለውን ለአክስትሽ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ማስያዝ ግፍ ነው።

እንቅልፋሙ

አታጋንኑ። እኛ በአንድ ቀን አምስት ተጫውተናል። ማንም አልሞተም።

ዘጠነኛው ቁልፍ

አራተኛው ስለምን ነበር?

እንቅልፋሙ

...መርከብ። ወይም መርከቡ አምስተኛው ነው መሰለኝ። አንዱ ላይ የሐኪም ካፖርት የለበስኩበት ፎቶ አለኝ፣ ክፍሉን ግን አላስታውሰውም።

እሺ። ሦስት።

ካርታ አንባቢ

የመንገዱን ነገር እኔ ልመልስ፤ ይህን መስመር በየጊዜው እመላለስበታለሁ።

ከቪየና ዋናው ጣቢያ ቡዳፔስት ኬለቲ ጣቢያ ድረስ በቀጥታ ባቡር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ኬለቲ ስትወርዱ ሁለተኛው የሜትሮ መስመር ከሥራችሁ ነው። ሁለት ፌርማታ ሄዳችሁ አስቶሪያ ብትወርዱ ሰባተኛው ወረዳ አጠገብ ናችሁ። የድሮው የአይሁዶች ሰፈር ነው። ጠባብ መንገድ፣ አሮጌ ፎቅ፣ ግቢ ውስጥ ግቢ። የመጀመሪያዎቹ ኤስኬፕ ሩሞች የተከፈቱት እንዲህ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ክፍሎቻችሁን በእግር የሚደረስባቸው አድርጋችሁ ምረጡ። ከተማዋ በዳኑብ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ አንዱን ቡዳ፣ ሌላውን ፔስት በኩል ብትይዙ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። የሜትሮ ቲኬት ማተም እንዳትረሱ። ተቆጣጣሪዎቹ ቱሪስት ነኝ ብትሉ አይሰሙም።

አሁን ዋናው። ሰነድ። ሁለቱም አገሮች ሼንገን (ያለ መደበኛ የድንበር ፍተሻ የሚኬድበት የአውሮፓ ቀጠና) ውስጥ ስለሆኑ ሰው "ምን ድንበር አለ?" ብሎ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። አትሂዱ። የኦስትሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የሌላ አገር ዜጋ ሀንጋሪ ለአጭር ጊዜ መግባት ይችላል፣ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ግን ፓስፖርቱም ፈቃዱም ጸንተው፣ ሁለቱም በእጅ መያዝ አለባቸው። ፎቶ በስልክ አይሆንም። ስትመለሱ ደግሞ ኦስትሪያ በሀንጋሪ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መልሳ የጀመረችውን ቁጥጥር እያራዘመች ስለመጣች ፖሊስ ባቡር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ካለ ግን ይቅርበት። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ገንዘባቸው ፎሪንት ነው። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ "በዩሮ ወይስ በፎሪንት?" ካላችሁ ፎሪንት በሉ። በዩሮ ስትሉ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ለእናንተ ብሎ አይተምንም።

ጡረተኛው

ልጄ፣ የአክስትሽ ልጅ ያነሳችው ጥያቄ ትክክል ነው። አትሳቂባት።

እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ልጆቼ እነዚህ ጨዋታ ቤቶች ይዘውኝ ሲሄዱ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች በብዛት በማግኔት የሚዘጋ በር ነው ያላቸው። ማግኔቱ በሩን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ ነው። መብራት ጠፋ ማለት በሩ ተለቀቀ ማለት ነው። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የሚጫን ቁልፍ ይኖራል፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም አረንጓዴ፤ ሲነካ ወዲያው ይከፈታል። እንዲያውም የገባችሁበትን በር ጭራሽ የማይቆልፉ ቤቶች አሉ። "ተቆለፈባችሁ" የሚለው ተረቱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ባለቤቱ ሥራውን ሲያውቅ ነው። በ2019፣ ጃንዋሪ 4 ቀን፣ ፖላንድ ውስጥ ኮሻሊን በምትባል ከተማ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች የአንዷን ልደት ሊያከብሩ ኤስኬፕ ሩም ገብተው ቀሩ። እሳቱ የተነሳው ከእነሱ ክፍል ውጭ ነው፤ መውጫ ግን አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ መንግሥት በመላ አገሪቱ ያሉትን አስፈተሸ፣ ብዙዎቹም ተዘጉ። የሌሎች አገሮች ባለሥልጣናትም ያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን የገለጡት።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። "እሳት ቢነሳ በየት ነው የምንወጣው? እናንተ ሳትመጡ እኛ ራሳችን መክፈት እንችላለን?" በሉ። ደህና ቤት ይህን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የሚስቅባችሁ ወይም "ምንም አይሆንም" የሚል ከሆነ ገንዘባችሁን ተዉለትና ውጡ። እጅ በሰንሰለት የሚያስሩ ጨዋታዎችም አሉ። ራሳችሁ መፍታት ካልቻላችሁ አትታሰሩ።

ሰኞ ሥራ አለኝ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለአክስቴ ልጅ አነበብኩላት። "ቀዩን ቁልፍ አሳይተውኝ፣ እሱ ሥር ነው የምቆመው" ብላለች። ግማሽ እሺታ ነው።

ካርታ አንባቢ፣ የባለቤቴ ፓስፖርት ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። አሁን ነው ያየነው። ለጉዞው ይደርሳል፤ አንተ ባትጽፍ ግን ሳናየው ያልቅበት ነበር።

ዝምተኛዋ

ብዙም አልጽፍም እዚህ፤ ቋንቋውን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ሀንጋሪኛ አለመቻላችሁ ችግር አይደለም። ቡዳፔስት ያሉት ቤቶች ቱሪስት የለመዱ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ያጫውቷችኋል። ስታስይዙ ብቻ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "እንቆቅልሾቹ ውስጥ በሀንጋሪኛ የተጻፈ የሚነበብ ነገር አለ?" ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያለው ጋዜጣ በሀንጋሪኛ ሊሆን ይችላል። ለጌጥ ከሆነ ግዴለም። ፍንጭ ከሆነ ግን አለቀላችሁ።

የማይጠረጠረው ቀን ነው። ሀንጋሪዎች ቀን ሲጽፉ ከዓመት ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን። ቪየና ያለ ሰው ደግሞ ከቀን ይጀምራል። እኛ አንድ ደብዳቤ ላይ ያገኘነውን ቀን ባለአራት ቁጥር ጓጉንቸር ላይ በለመድነው መንገድ አስገባን። እምቢ አለ። መልሱ ትክክል ነበር፤ የተገለበጠው እኛ ነን። ስማቸውንም ልክ እንደዚያው የቤተሰብ ስም አስቀድመው ነው የሚጽፉት። የስም መጀመሪያ ፊደል አውጡ የሚል እንቆቅልሽ ከመጣ ይህንን አስቡ።

አሁን ወደ ትልቁ። አማርኛ።

ጌም ማስተሩ በካሜራ ያያችኋል፣ በማይክ ይሰማችኋል። ፍንጭ መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ከወሬያችሁ ነው። "ይሄ ቁጥር ከሥዕሉ ጋር ይሄድ ይሆን?" ስትሉ ሰምቶ "ደርሰዋል፣ ልተዋቸው" ይላል። እኛ ገብተን በአማርኛ ስንንጫጫ ሰውየው የሚያየው አራት ሰው እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ ነው። የተጣላን መስሎት ዝም አለ። እኛ ደግሞ ፍንጭ የማይሰጥ ክፉ ሰው መስሎን ተናደድን። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሄደ። ስንወጣ "ተጣልታችሁ ነበር?" ብሎ ጠየቀን። የምሬን ነው።

እርስ በርስ በአማርኛ አውሩ፤ ፈጣን የምታስቡት በእሱ ነው። ግን ሳትገቡ በፊት ለጌም ማስተሩ ንገሩት። ከዚያም አንድ ሰው መድቡ፤ በየአምስት ደቂቃው ወደ ካሜራው ዞሮ "አሁን ሳጥኑ ላይ ነን፣ ሦስት ቁጥር አለን፣ አራተኛውን እየፈለግን ነው" ይበለው። ፍንጩ በልካችሁ ይመጣል።

ፍንጭ መጠየቅ ደግሞ አገር መስጠት አይደለም። ወንዶቹን ነው የምለው።

እንቅልፋሙ

ወንዶቹ ምን አደረግን?

ሰዓት ላይ ግን እኔም ልጨምር። ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ "10 ሰዓት ይዣለሁ" አለኝ። 10 ሰዓት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ ተኛሁ። እሱ ለካ የፈረንጁን 10 ሰዓት ነው የያዘው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሲደውል ትራስ ውስጥ ነበርኩ። ክፍሉም ገንዘቡም ሄደ። በአማርኛ እያወራችሁ ሰዓት ስትቀጣጠሩ ወይ "በፈረንጅ" በሉ፣ ወይ የተላከላችሁን ኢሜይል ለሁሉም አስተላልፉ።

ዝምተኛዋ

ክፍሉ ውስጥም ይመጣል ይሄ። ግድግዳ ሰዓት ያለበት እንቆቅልሽ በጣም የተለመደ ነው። አንዱ አይቶ "ሦስት ሰዓት ይላል" ብሎ ይጮሃል፣ ጓጉንቸሩን የያዘው 3 ያስገባል። ትንሿ ክንድ ግን ያለችው 9 ላይ ነው።

እንቅልፋሙ

ይሄ ጭካኔ ነው።

ዘጠነኛው ቁልፍ

ዝምተኛዋ በዓመት አንዴ ትጽፋለች፣ የዓመቱን ትናገራለች።

ሰኞ ሥራ አለኝ፣ ስትመርጪ አንድ ነገር ላክልልሽ። አራት ሰው ከሆናችሁ እንቆቅልሾቹ በአንድ ጊዜ ተበትነው የሚጠብቁበትን ክፍል ፈልጊ። አንዱ ሳይፈታ ሌላው የማይከፈትበት ክፍል ለሁለት ሰው ጥሩ ነው። ለአራት ግን ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ትከሻቸው ላይ ይተነፍሳሉ። የሚተነፍሱት ደግሞ ሁልጊዜ አዲሶቹ ናቸው። ስታስይዙ "ለአራት ሰው የትኛው ይሻላል?" ብላችሁ ጻፉላቸው፣ ይመልሳሉ።

አሮጌዎቹን ቤቶች አትናቁ። ድሮ ሁሉም ነገር ጓጉንቸር ነበር። ጓጉንቸር ደግሞ ሐቀኛ ነው። አራት ቀለበት ካለው አራት ቁጥር እንደሚፈልግ ይነግርሻል። ፊደል ካለው ቃል ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ላይ ዕቃውን ቦታው ስታስቀምጪ የተደበቀ ማግኔት ወይም ቺፕ ያነበውና ግድግዳ ይከፈታል። ሲሠራ አስማት ነው። ሲበላሽ ግን አንቺ ትክክል ሆነሽ ክፍሉ ይሳሳታል።

ጡረተኛው

ይበላሻልም። ሴንሰሩ ላይ ዕቃው ትንሽ ጋደል ካለ አያነበውም። በቀን ስንት ቡድን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። እርግጠኛ ሆናችሁ ካልተከፈተ አንዴ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ያም ካልሆነ ለጌም ማስተሩ ንገሩት፤ ከውጭ ሆኖ ይከፍተዋል። በጉልበት የሚከፈት ነገር ግን የለም። ሶኬትና ከጣሪያ ላይ የሚወርድ ሽቦም የጨዋታው አካል አይደለም። ልጄ አንድ ጊዜ እውነተኛውን የመብራት ቆጣሪ ሊፈታ ነበር።

ካርታ አንባቢ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ራስዎ ይጫወታሉ ወይስ በር ብቻ ነው የሚያዩት?

ጡረተኛው

እጫወታለሁ እንጂ። ጉልበቴ አይንበረከክም፣ ጠረጴዛ ሥር የሚያዩት ልጆች ናቸው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተገኘውን ሁሉ እደረድራለሁ። ምን ተፈታ፣ ምን ቀረ። እነሱ ሲሯሯጡ ያገኙትን ይረሳሉ።

ሰኞ ሥራ አለኝ

ተመለስን! ይቅርታ ዘገየሁ። ለምን እንደዘገየሁ ስሜን አንብቡ።

ሦስት ነው የተጫወትነው። ሰንጠረዡ ተቀዷል፤ ባለቤቴ ግን ጠግኖ ኪሱ ይዞት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ (በእኛ!) ተነሳን፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ኬለቲ ነበርን። የመጀመሪያው ክፍል አሮጌ ምድር ቤት ነው፣ በጓጉንቸር የተሞላ። የእርጥበት ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ የእነሱ ይሁን የጨዋታው የማይታወቅ ስንጥቅ አለ። የአክስቴ ልጅ ጌም ማስተሩን ጋሼ እንዳሉት ጠየቀችው። ቀዩን ቁልፍ አሳያት፣ ራሷ ተጭና በሩ ሲከፈት አየች። ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አላየችው። በ52 ደቂቃ ወጣን። ከዘጠኙ ጓጉንቸር አምስቱን የከፈተችው እሷ ናት። ከፍዬ አልቆለፍም ያለችው ልጅ።

ወደ ካሜራው የሚያወራ ሰው መደብን፣ የእሷን ጓደኛ። እንደ ዜና አንባቢ ቆሞ በየጊዜው ዘገበ። ጌም ማስተሩ በጣም ወደደው። ፍንጭ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣልን፣ ሁለቱም ልክ ተስፋ ልንቆርጥ ስንል።

ሁለተኛው ክፍል ከሰዓት በኋላ ነበር። አዲስ፣ የሚያምር፣ በር ሳይሆን ግድግዳ የሚከፈትበት። እዚህ አልወጣንም። ለምን እንዳልወጣን ልንገራችሁ፣ ባለቤቴ ባያነበው ደስ ይለኛል። 48ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ትንሽ ቁልፍ ጎደለን። ምንጣፉን አነሳን፣ መጽሐፍ አራገፍን፣ ፍንጭ ጠየቅን። ጌም ማስተሩ "ያገኛችሁትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አድርጉት" አለ። አደረግን። የለም። "ሁሉንም" አለ። የለም አልነው። ሰዓቱ አለቀ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰውየው ገባና የባለቤቴን ኮት በጣቱ አመለከተ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አግኝቶ ኪሱ ከቶታል። ከሰንጠረዡ ጋር።

አሁን ሕግ አውጥተናል። ኪስ የለም። የተጠቀምንበት ቁልፍ ጓጉንቸሩ ላይ ይቀራል፣ ያልተጠቀምንበት መሬት ላይ፣ አንድ ቦታ።

እሑድ ጠዋት ከባዱን ገባን። ዕድሜ ለዝምተኛዋ፣ የግድግዳ ሰዓት ነበረው። የአክስቴ ልጅ አየችና "ሦስት..." ብላ ቆመች። ከዚያ ጮክ ብላ "በፈረንጅ ዘጠኝ!" አለች። 58 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። ስንወጣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አራተኛ እንጨምር ብሎ ነበር ባለቤቴ። ማንም አልመለሰለትም። ወንዙ ዳር ሄደን ተቀመጥን። እዚያ ሲሆን ለካ ሰፊ ነው።

ስንመለስ ድንበሩ ላይ ፖሊሶች ገቡ፣ ፓስፖርትና ፈቃድ አዩ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የባለቤቴን ፓስፖርት ማለቂያ ቀን ሁለቴ አነበቡት። ላብ አጠመቀው።

ጡረተኛው

ጎበዝ። ለአክስትሽ ልጅ ሰላም በይልኝ። በሩን ራሷ መፈተሿ ነው ደስ ያለኝ።

ዘጠነኛው ቁልፍ

52፣ ያልወጣችሁበት፣ 58። ከአምስት ክፍል ያነሰ ትዝታ ነው የሚል ካለ ይምጣ። እንቅልፋሙ?

እንቅልፋሙ

እኔ ምንም አላልኩም።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ግን ቁልፉ ምን ነበር የሚከፍተው? እኔም ልሄድበት ስለሆነ አይደለም። ለማወቅ ያህል።

ዝምተኛዋ

እንዳትነግሪው። ሊሄድበት ነው።

ሰኞ ሥራ አለኝ

አገር ስጠኝ።

እንቅልፋሙ

ቪየናን ሰጥቼሻለሁ።

ሰኞ ሥራ አለኝ

እሷማ የራሴ ናት፣ ኪራይ እየከፈልኩባት። ሌላ ጨምር።

እንቅልፋሙ

ቡዳፔስትን። ከነምድር ቤቷ።

ሰኞ ሥራ አለኝ

ቡዳፔስት ገብቼ፣ ሦስት ክፍል ተጫውቼ፣ ባሌን ኪሱን ፈትሼ... አልነግርህም። ኮትህን አውልቀህ ግባ።